በቤተ ሙከራ የተዘጋጀ የአፈር ስታንዳርድ፦ ችግርና መፍትሄ

ስታንዳርድ ማለት የታወቀ መጠን ያለው ብረት፣ ለምሳሌ እርሳስ ወይም መዳብ፣ ተጨምሮበት የመለኪያ መሣሪያ የሚስተካከልበት አፈር ነው። ሚዛኑ መስተካከሉን፣ አፈሩም በ105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረቁን እንዳረጋገጣችሁ ቆጥሬ እጀምራለሁ። መለኪያው ኤክስአርኤፍ ነው፤ ናሙናው ላይ ኤክስሬይ አብርቶ ከሚመለሰው ኤክስሬይ የእያንዳንዱን ንጥረ ነገር መጠን የሚያነብ መሣሪያ።

የአርሴኒክ ንባብ ከእርሳስ ጋር አብሮ ይጨምራል። የሁለቱ ዋና የኤክስሬይ መስመሮች 10.5 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት አካባቢ ይደራረባሉ። እርሳሱን ኤል ቤታ፣ አርሴኒኩን ኬ ቤታ በተባሉት ሌሎች መስመሮቻቸው ለኩ።

ከአንድ ዕቃ የወጡ ፔሌቶች (ለመለካት ተጨምቀው የተሠሩ የአፈር ዱቄት እንክብሎች) የተለያየ ንባብ ይሰጣሉ። ወደ እኔ ከሚመጡት አቤቱታዎች አብዛኞቹ ይኸው ናቸው፤ ሰዉ ግን መሣሪያውን ይወቅሳል። አሠራሩ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ የብረቱን ጨው በጥቂት ውሃ አሟሙቶ አፈሩ ላይ ማፍሰስ፣ አንድ ሁለት ጊዜ ማማሰል፣ ማድረቂያ ምድጃ ውስጥ ትቶ ወደ ቤት መሄድ። ውሃው የሚተነው ከላይ ነው፤ ሲተን ከታች ያለውን ይስባል፤ የሟሟው ጨውም አብሮ ይወጣል። በአዋሽ የመስኖ እርሻዎች ላይ ጨው ወደ ገጽ የሚወጣው በዚሁ መንገድ ነው። ሸክላ በሌለው አሸዋማ አፈር ወይም በንጹህ ሲሊካ ደግሞ ይብሳል፤ ብረቱን የሚይዝለት ነገር የለምና።

አንድ ተማሪ ነጥቦቹ የተበተኑ የካሊብሬሽን መስመር (የታወቀውን መጠን ከመሣሪያው ንባብ ጋር የሚያገናኘውን) ይዞ መጣ። ያደረቀበትን ቢከር አምጣ አልሁት፤ ጠርዙ ላይ ነጭ ቀለበት ደርቆ ተጣብቋል። የጎደለው ብረት እዚያ ነበር። ሌላ ቤተ ሙከራ ውስጥ ደግሞ በወንፊት አላልፍ ያለውን ሻካራ ክፍል ይጥሉ ነበር፤ ሻካራው ክፍል ግን ጨው የተጠራቀመበት ቅርፊት ራሱ ነው!

መፍትሄው ትዕግሥት ነው። አፈሩ ቀጭን ጭቃ እስኪሆን ድረስ ጨው በሟሟበት ውሃ አርጥቡት። በ60 ዲግሪ አካባቢ እያሞቃችሁ፣ ማማሰያው አልንቀሳቀስ እስኪል ድረስ አማስሉ፤ ጠርዝ ላይ የወጣውን እየፋቃችሁ መልሱ። ሲደርቅ ሁሉንም ፍጩ፤ 75 ማይክሮን ወንፊት ያላለፈው ተመልሶ ይፈጫል እንጂ አይጣልም። ከዚያ ዕቃውን ከግማሽ በላይ ሳትሞሉ ለሰዓታት አንከባሉት። ከላይ፣ ከመሐልና ከታች ፔሌት ሠርታችሁ ለኩ። ልዩነታቸው አንዱን ፔሌት ደጋግማችሁ ስትለኩ ከሚታየው መዋዠቅ ጎልቶ ከበለጠ ዱቄቱ ወደ ወፍጮ ይመለስ። የእርሳስና የካድሚየም ዱቄት ያለ ጭምብል አይነካም፤ አይነካም። ሜርኩሪ የገባበትን አፈር ምድጃ ውስጥ አታስገቡ፤ ይተናል።

የካሊብሬሽን መስመሩ ቀጥ ያለ ነው፣ የመዳብ መጠኑ አስቀድሞ የተረጋገጠ ናሙና ሲለካ ግን ንባቡ ከእውነተኛው መጠን አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ይሆናል። ጨዉን ተመልከቱ። ሰማያዊው ኮፐር ሰልፌት በውስጡ ውሃ ስላለው መዳቡ 25.5 በመቶ ብቻ ነው፤ ውሃ የሌለው ነጩ ግን 39.8 በመቶ ነው። በነጩ አስልቶ ሰማያዊውን የሚመዝን ሰው ሞልቷል። መለያው የተላጠ ጠርሙስ ደግሞ ለስታንዳርድ አይሆንም፤ ርካሽ ነው ብላችሁ አትግዙ።

ያልጨመራችሁት ክሮሚየም ወይም ኮባልት ታየ። ከወፍጮው ነው። የብረት ወፍጮ ክሮሚየምና ብረት፣ የተንግስተን ካርባይድ ወፍጮ ተንግስተንና ኮባልት ይጥላል። ለእነዚህ የአጌት (ጠንካራ የሲሊካ ድንጋይ) ሙቀጫ ተጠቀሙ፤ ቀስ ይላል፣ ሲወድቅም ይሰበራል።