የቲሹ አዘጋጃጀት የማይክሮስኮፕ ልኬትን እንዳያዛባ ምን እናድርግ?

በማይክሮስኮፕ የምናየው የኩላሊት ወይም የጉበት ቁራጭ ሰውነት ውስጥ በነበረው መጠን የለም። በፎርማሊን (ቲሹ እንዳይበላሽ በሚያደርግ ፈሳሽ)፣ በአልኮልና በቀለጠ ፓራፊን (ሰም) አልፏል። በየደረጃው ተኮማትሯል። ስለዚህ ልኬት የሚጀምረው ናሙናው እንደተወሰደ ነው።

መጀመሪያ ትኩሱን ቲሹ በካሊፐር (ርዝመትንና ውፍረትን በትክክል በሚለካ መሣሪያ) ለኩና መዝግቡ። ይህ ቁጥር ከሌለ በኋላ ምንም ማረም አይቻልም።

ከዚያ ሳይቆይ ፎርማሊን ውስጥ ይግባ። ውፍረቱ ከ4 ሚሊሜትር አይብለጥ፤ ፈሳሹ ቢያንስ የቲሹውን 10 እጥፍ ይሁን። ፎርማሊን ወደ ውስጥ የሚዘልቀው ቀስ ብሎ ነው፤ ወፍራም ቁራጭ መሃሉ ሳይደርሰው መበላሸት ይጀምራል። ሳንባ ግን ለብቻው ይታይ። ከደረት ሲወጣ አየሩ እንደወጣ ፊኛ ይሟሽሻል። በአየር ቧንቧው በኩል ፎርማሊን በቋሚ ግፊት ካልተሞላ የአየር ከረጢቶቹን መለካት ከንቱ ድካም ነው።

ቀጥሎ ውሃውን የሚያስወጣው አልኮል፣ አልኮሉን የሚያስወጣው ዛይሊንና ቲሹውን የሚያጠነክረው ፓራፊን ይመጣሉ። ዋናው መኮማተር እዚህ ነው። 10 ሚሊሜትር የነበረው ጎን መጨረሻ ላይ 8 ሆነ እንበል። ርዝመቱ የቀነሰው በ20 በመቶ ነው። የገጹ ስፋትስ (ርዝመት በወርድ)? 0.8 በ0.8 ሲባዛ 0.64፤ በ36 በመቶ ቀንሷል። ይዘቱ (ቮልዩሙ) ደግሞ 0.8 ሦስት ጊዜ ተባዝቶ 0.512 ይሆናል፤ ግማሽ ያህሉ ጠፋ ማለት ነው! የርዝመትን እርማት ለይዘት መጠቀም ውጤቱን ገደል ይከታል።

ለማይክሮስኮፕ በስሱ ሲቆረጥም ቢላው ቲሹውን ወደ አንድ አቅጣጫ ይጨፈልቀዋል። ሞቅ ያለ ውሃ ላይ ሲንሳፈፍ መልሶ ይዘረጋል፤ ግን ሁልጊዜ እኩል አይደለም። ክብ ነገር ሞላላ መስሎ ከታያችሁ ይህን ጠርጥሩ። ሁለቱንም አቅጣጫ ለኩ።

የማይክሮስኮፑን መለኪያ ለእያንዳንዱ ሌንስ በመለኪያ ስላይድ (ልኩ የታወቀ መስመር በተቀረጸበት መስታወት) አስተካክሉ።

አሁን እርማቱ ቀላል ነው። በላይኛው ምሳሌ 160 ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ) ያነበባችሁትን ለ0.8 ስታካፍሉ 200 ይመጣል። ይህ ግን ግምት ነው፤ በአንድ ቁራጭ ውስጥ እንኳ ሁሉም ክፍል እኩል አይኮማተርም።

በፓራፊን ፋንታ በቅዝቃዜ ጠጥሮ የተቆረጠ ቲሹ የሚኮማተረው ያነሰ ነው፤ የበረዶው ክሪስታል ግን ሴሎቹን ሊቀዳድድ ይችላል። የሱንና የፓራፊኑን ቁጥር ሳታርሙ በአንድ ሰንጠረዥ አትደባልቁ። ከውጤቱ ጎን የፎርማሊኑን ቆይታ፣ የቁራጩን ውፍረትና የተጠቀማችሁበትን እርማት ጻፉ።