ድምፃችሁ ጆሮ ማዳመጫው ላይ ዘግይቶ ሲመጣ
ማይክ ላይ ስትዘፍኑ ድምፃችሁ በጆሮ ማዳመጫው እየዘገየ ምት ያስታችኋል? ማይኩንም ኬብሉንም ተዉት። የመቅረጫ ሶፍትዌሩ ኦዲዮ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ በፈር ሳይዝ የሚለውን ወደ 128 አውርዱት።

ኮምፒውተሩ ድምፅ የሚቀበለው በቁና እየሰፈረ ነው በሉት፤ ቁናው ሳይሞላ አያሳልፍም። በፈር ሳይዝ ማለት የዚህ ቁና መጠን ነው። በ44,100 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 44,100 ሳምፕል (የድምፅ ቅንጣት) ሲወሰድ፣ 1024 ሳምፕል ለመሙላት 23 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጃል። 128 ግን 3 ሚሊሰከንድ እንኳ አይፈጅም። ያውም ድምፁ ሲገባም ሲወጣም ስለሚሰፈር መዘግየቱ ቢያንስ እጥፍ ነው።

ታዲያ ቀረጻው አልቆ ሚክስ ስታደርጉ (የተቀረጹትን ድምፆች ስታዋህዱ) ወደ 1024 መልሱት። ፕለጊን (በሶፍትዌሩ ላይ የሚጨመር የድምፅ ማቀነባበሪያ) የበዛበት ፕሮጀክት ላይ 128ን የሙጥኝ ካላችሁ ፕሮሰሰሩ መድረስ ያቅተውና ድምፁ መንጣጣት ይጀምራል። ገና እየቀረጻችሁ ከተንጣጣ ደግሞ ከባድ ሪቨርቦቹን (ድምፅ የሚያስተጋቡትን ፕለጊኖች) ለጊዜው አጥፏቸው።