የኪራይ አዋጁ እንዲያድናችሁ ከፈለጋችሁ እነዚህን አትሳሳቱ

ቤት ፍለጋ ላይ ያላችሁ ይሄን ሳታዩ ውል እንዳትፈርሙ። በ2016 መጋቢት ላይ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጁ (ቁጥር 1320) ከጸደቀ ወዲህ ብዙ ተከራይ "ሕግ አለ እኮ" ይላል፣ አዎ አለ፣ ግን ሕጉ የሚያውቀው ወረቀት ላይ ያለውን ነው፣ በቃል የተነጋገራችሁት ወረዳ ስትደርሱ የለም።

ትልቁና እኔም የተሸወድኩበት ስህተት ውሉ ላይ የውሸት ዋጋ ማስጻፍ ነው። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ባለ አንድ መኝታ ላይ አከራይዋ ቡና ቀድተው አስቀመጡኝና "ልጄ ግብሩን ፈርቼ ነው፣ ወረቀቱ ላይ 6 ሺ እንበል፣ 15ቱን እኔና አንተ እናውቃለን" አሉኝ። ደላላው ከጎን "ሁሉም እንደዛ ነው የሚያደርገው" ይላል፣ እኔም ሦስት ሳምንት ስዞር ከርሜ እግሬ አልቆ ስለነበር እሺ እትዬ ብዬ ፈረምኩ። 6ቱን በባንክ፣ 9ኙን በየወሩ በእጃቸው። ዓመት ሳይሞላ "ኑሮ ተወደደ፣ 4 ሺ ጨምር" ሲሉኝ ወረዳ ሄድኩ፣ ልጅቷ ፋይሉን አወጣችና ጣቷን 6 ሺ የምትለዋ ላይ አድርጋ "ጨመሩብኝ የምትለው ከየቱ ላይ ነው?" አለችኝ። 15 ሺ ነው የምከፍለው ብል ማስረጃ የለኝ፣ ደሞ ግብር መደበቁ ላይ እኔም አለሁበት። ዝም ብዬ ወጣሁ፣ 4 ሺውንም ጨመርኩ። ግብሩን የሚያተርፉት እሳቸው ናቸው፣ ከለላውን ያጣሁት እኔ።

ከዚህ ጋር የሚሄደው ጥሬ ብር መስጠት ነው። አዋጁ ኪራይ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ ይከፈል ይላል፣ በቴሌብርም ቢሆን ላኩና ደረሰኙን አስቀምጡት።

"የስድስት ወር ቅድሚያ ካልከፈልክ ሌላ ሰው ይወስደዋል" ሲሏችሁ ደንግጣችሁ እቁብ እንዳታወጡ፣ ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ መጠየቅ አይቻልም። የስድስት ወር ወይ የዓመት ውል ፈርሙ ቢሏችሁም ትንሹ የውል ዘመን ሁለት ዓመት ነው። ተፈርሞ ሻንጣ ውስጥ የተቀመጠ ውል ደሞ ግማሽ ሥራ ነው፣ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። አዋጁ የሚሠራው አዲስ አበባ፣ ድሬዳዋና ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ስለሆነ ሌላ ቦታ ያላችሁ መጀመሪያ ጠይቁ፣ ሱቅ የተከራያችሁም አይመለከታችሁም።

ሌላው ስህተት ሕጉ ኪራይ ያረክሳል ብሎ መጠበቅ ነው። አያረክስም! ጭማሪው በዓመት አንዴ ብቻ፣ ያውም ከተማው ባሳወቀው ልክ እንዲሆን ነው ያደረገው፣ መነሻው ዋጋ ግን በአብዛኛው የምትስማሙበት ነው፣ ስለዚህ ጨክናችሁ መከራከር ያለባችሁ የመጀመሪያው ቀን ላይ ነው። አንዳንዱ ወዳጄ "መንግሥት ለምን ዝም ብሎ አይቀንሰውም" ይለኛል፣ ተሞክሯል እኮ! በ1967 የደርግ አዋጅ 47 ትርፍ ቤት ሲወርስ ኪራይ ከ15 እስከ 50 በመቶ ቀንሶ ነበር፣ ለዛ ትውልድ እፎይታ ነው፣ ግን የቀበሌ ቤት ጣሪያ ሲያፈስ በዛች ኪራይ ማን ያድሰው? የቤቱ ብዛት እስካልጨመረ ድረስ አዋጅ ያለውን ቤት ነው የሚያከፋፍለው።

"ቤቱ የወንድሜ ነው፣ አሜሪካ ነው ያለው" ከሚል ሰው ጋር ስትዋዋሉ ውክልናውን በዓይናችሁ እዩ፣ ማከራየት እንደሚችል በግልጽ ይጻፍበት። ወንድምየው ክረምት ላይ መጥቶ "እናንተ እነማን ናችሁ" ቢል መልስ የላችሁም።

የመጨረሻው ስህተት፣ በስልክ "ልጄ ከውጭ ሊመጣ ስለሆነ በወር ውስጥ ልቀቁ" ስትባሉ ዕቃ መጠቅለል ነው። ኪራይ ካዘገያችሁ ወይ ጎረቤት ከበጠበጣችሁ ሕጉ ለአከራይም በር ይከፍታል፣ ያ ከሌለ ግን ውላችሁ ስንት ወር እንደቀረው ቁጠሩና በትህትና "እሺ እትዬ፣ ምክንያቱን በጽሁፍ ይስጡኝና ወረዳ ላሳየው" በሉ። ብዙ ጊዜ ልጁ መምጣቱን ይተዋል 😄