አሜሪካ ውስጥ ለታሰረ ዘመድ ደብዳቤ እንዴት ይላካል?

አገር ቤት ሰው ሲታሰር ቶሎ የሚታሰበው ስንቅ ነው። እናት ሳህኑን በፌስታል ቋጥራ ትሄዳለች፣ በር ላይ ተራ ትይዛለች፣ ምግቡ ተፈትሾ ይገባል። ባዶው ሳህን ሲመለስላት ልጇ እንደበላ ታውቃለች። አሜሪካ ውስጥ ግን ከቤት የተሠራ ምግብ አይገባም። እስር ቤቱ ከምንኖርበት ከተማ የስምንት ሰዓት መንገድ ሊሆን ይችላል። ለመጠየቅም ስማችን አስቀድሞ ተመዝግቦ መፈቀድ አለበት። ስለዚህ እጃችን ላይ የቀረው ስንቅ ደብዳቤ ነው።

ከአክስቴ ልጅ ጋር አንድ የፌዴራል እስር ቤት ከገባ ጀምሮ አራት ዓመት ተጻጽፈናል። መጀመሪያ የላክኳቸው ሁለት ደብዳቤዎች ተመለሱብኝ። አንዱ ላይ የእስረኛ ቁጥሩን ረስቼ ነበር። ሁለተኛው ላይ ደግሞ ትንሿ ልጄ የሚያብረቀርቅ ኮከብ ለጥፋበት ነበር። እሱ ግን የረሳነው መስሎት ሁለት ወር ሙሉ ከፍቶት ከረመ። ይህ በሌላ ሰው እንዳይደርስ ነው ይህንን የምጽፈው።

የት እንዳለ በትክክል እወቁ

በፌዴራል መንግሥት የተያዘ ሰው በፌዴራል እስር ቤቶች ቢሮ ድረ ገጽ ላይ በስሙ ወይም በቁጥሩ ይፈለጋል። ቁጥሩ ስምንት አሃዝ ነው፤ አምስት ቁጥር፣ ሰረዝ፣ ከዚያ ሦስት ቁጥር። በስቴት እስር ቤት ያለ ከሆነ እያንዳንዱ ስቴት የራሱ መፈለጊያ አለው። ገና ፍርድ የሚጠብቅ ሰው ብዙ ጊዜ የሚገኘው በካውንቲው እስር ቤት ነው። በኢሚግሬሽን ጉዳይ የተያዘን ሰው ደግሞ አይስ በሚባለው የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት መፈለጊያ፣ ዘጠኝ አሃዝ ባለው የኢሚግሬሽን መለያ ቁጥሩ (ኤ ነምበሩ) እና በተወለደበት አገር ታገኙታላችሁ።

እዚህ ላይ እኛን የሚያስቸግረን የስማችን ነገር ነው። የአባታችን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይመዘገባል። አንዳንዴም የአያት ስም ቦታውን ይይዛል። በላቲን ፊደል ሲጻፍማ ፀሐይ የሚለው ስም ብቻ አራት አምስት ዓይነት አጻጻፍ አለው። «አልተገኘም» ቢላችሁ አትደንግጡ። ፓስፖርቱ ላይ ያለውን አጻጻፍ ሞክሩ፣ የአባቱን ስም ከፊት አድርጋችሁ ሞክሩ፣ ካልሆነ ጠበቃውን ቁጥሩን ጠይቁት። ቁጥሩ ከተገኘ ሌላው ቀላል ነው።

ፖስታው ላይ የሚጻፈው

ፖስታው ነጭና ተራ ይሁን። መሐሉ ላይ ሙሉ ስሙን መዝገቡ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ጻፉ። የቤት ስሙን አትጻፉ፤ እናንተ «ባቢ» ብትሉትም እዚያ ባቢ የሚባል ሰው የለም። ከስሙ አጠገብ ቁጥሩን፣ ከሥር የእስር ቤቱን ስም፣ የፖስታ ሳጥን ቁጥሩን፣ ከተማውን፣ ስቴቱንና ዚፕ ኮዱን አስፍሩ። በግራ በኩል ከላይ የራሳችሁን ሙሉ ስምና አድራሻ ጻፉ። የላኪ አድራሻ የሌለውን ደብዳቤ የማይቀበሉ ብዙ ናቸው። ፖስታው ላይ ያለው ጽሑፍ ሁሉ በእንግሊዝኛ ይሁን።

አድራሻውን ሁልጊዜ ከእስር ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ውሰዱ፣ ከጎግል ካርታ አትቅዱ። የሚጠየቅበት ቦታና ደብዳቤ የሚላክበት ቦታ ጨርሶ ሊለያዩ ይችላሉ። ለምሳሌ ፔንሲልቬንያ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለስቴቱ እስረኞች የሚጻፍ ተራ ደብዳቤ ወደ ፍሎሪዳ እንዲላክ አድርጋለች። እዚያ ስካን ይደረግና እስረኛው ቅጂውን ያገኛል። ቴክሳስም በ2023 ወደዚህ አሠራር ገብታ ደብዳቤውን ዳላስ ላይ ትቀበላለች። ወገናችን በብዛት የሚኖርባት ቨርጂኒያ በ2017 ደብዳቤን ፎቶ ኮፒ እያደረጉ መስጠት ጀምራ ነበር። እንዲህ ባለ ቦታ የላካችሁት ወረቀት ራሱ እጁ አይገባም። ስለዚህ አንድ ብቻ ያላችሁን ፎቶ አትላኩ፣ አሳትማችሁ ቅጂውን ላኩ። በእርሳስም አትጻፉ፤ ደብዝዞ ይወጣል። ጥቁር ወይም ሰማያዊ እስክርቢቶ ይሻላል።

ከወረቀት በስተቀር ምንም አይግባ

ስቴፕለር፣ ክሊፕ፣ ተለጣፊ ስዕል፣ ሽቶ፣ የከንፈር ቀለም ምልክት፣ የሚያብረቀርቅ ዱቄት፣ ሙዚቃ ያለው ካርድ፣ ሁሉም ደብዳቤውን ያስመልሳሉ። አደንዛዥ ዕፅ በወረቀት ላይ ተነክሮ ስለሚገባ ፍተሻው ጥብቅ ነው።

ከሁሉ በላይ የምለምናችሁ ግን እምነት እንዳትልኩ ነው። ከገዳም የመጣ እምነት ቤታችን ውስጥ አለ። ለታሰረ ልጅ ትንሽ ቆንጥሮ በወረቀት ጠቅልሎ መላክ ለእናት አንጀት ተገቢ ነው። ፖስታውን ለሚከፍተው ሠራተኛ ግን ያ ምንነቱ የማይታወቅ ዱቄት ነው። ክፍሉ ሊዘጋ ይችላል፣ ልጁም ይመረመራል። በርበሬ፣ ቡናና ክር ማህተብም እንዲሁ ናቸው። ጸሎቱን በወረቀት ጻፉለት። እስላም ከሆነም ዱዓውን ጻፉለት።

ፎቶ ይፈቀዳል፣ ብዛቱ ግን እንደየቦታው ይለያያል። ጀርባው ላይ ስሙንና ቁጥሩን ጻፉ። ልጆቹ በጣታቸው ምልክት የሚያሳዩበትን ፎቶ ተዉት፣ የወንበዴ ቡድን ምልክት ተብሎ ሊያዝ ይችላል።

ገንዘብም ፖስታው ውስጥ አይገባም። ለፌዴራል እስረኛ የፖስታ ቤት መኒ ኦርደር በስሙና በቁጥሩ ተዘጋጅቶ ዲ ሞይን፣ አዮዋ ወዳለው አድራሻ ይላካል። በዌስተርን ዩኒየን ወይም በመኒግራምም ይሆናል። ቴምብርም ልትልኩለት አትችሉም፤ የሚገዛው እዚያው ውስጥ ካለው ኮሚሳሪ ከተባለው ሱቅ ነው። አልመለሰልኝም ብላችሁ ከመቀየማችሁ በፊት ሒሳቡ ላይ የቴምብር ገንዘብ አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። መጽሐፍ ከሆነ ለስላሳ ሽፋን ያለው ይሁንና ከመጽሐፍ ሻጩ በቀጥታ ይላክለት። የአማርኛ መጽሐፍ የሚሸጥ ሱቅ ካወቃችሁ፣ ከፍላችሁ ሱቁ ራሱ በፖስታ እንዲልክ አድርጉ።

አሁን ወደ መጻፉ

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚቆመው። «ምን ብዬ ልጻፍለት?» ይላል። ያፍራል፣ ያዝናል፣ ቀኑ ይገፋል፣ ከዚያ ስድስት ወር ይሆናል። እኔ የምመክረው አጭር መጻፍ ነው። አንድ ገጽ በየሁለት ሳምንቱ፣ በዓመት አንዴ ከሚመጣ አሥር ገጽ ይበልጣል። እስር ቤት ውስጥ ደብዳቤ ሲታደል ስም ይጠራል። ስሙ እንዲጠራ ነው የምንጽፈው።

«ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል» ብላችሁ ጀምሩ። «እግዜር ያስፈታህ» በሉት፤ እዚያ ያለው ሰው ይህንን ከማንም አይሰማም። ከዚያ የቤቱን ወሬ ንገሩት። ማን ወለደ፣ ማን ቤት ቀየረ፣ እድሩ ላይ ማን ከማን ተኳረፈ፣ ጤፍ ስንት ገባ። ደስታችሁን አትደብቁት። የአክስቴ ልጅ አንዴ የጻፈልኝ ይህንኑ ነው፤ ያዘንኩለት መስሎኝ ሠርጉን ሳልነግረው በመቅረቴ ተቀይሞኝ ነበር።

በዓላትን አስቀድማችሁ ጻፉለት። ፋሲካ መቼ እንደሚውል፣ ዓቢይ ጾም መቼ እንደሚገባ፣ ጾመ ፍልሰታን፣ ረመዳንን በፈረንጅ ቀን አውጡለት። እስር ቤት የተሰቀለው ካሌንደር ላይ እነዚህ ብዙ ጊዜ የሉም። ደብዳቤው ተፈትሾ እስኪሰጠው ሳምንታት ሊያልፉ ስለሚችሉ የእንቁጣጣሹን በነሐሴ መጀመሪያ ላኩት።

እናቱ አገር ቤት ከሆነች በስልክ የምትለውን ጻፉለት። «ደህና ነኝ ብላለች» ብላችሁ አታሳጥሩት። «ልጄ፣ ጉልበቴን ነው እንጂ ደህና ነኝ» ካለች እንዳለችው ይጻፍ። ድምጿን ከወረቀቱ ላይ ይሰማዋል።

ስለ ክሱ ግን አንድ ቃል አትጻፉ። ተራ ደብዳቤ ይከፈታል፣ ይነበባልም፤ የተጻፈው ነገር ለዐቃቤ ሕግ ሊደርስ ይችላል። «ያን ዕለት የት ነበርክ?» የሚል ጥያቄ ከዘመድ ቢመጣም ይጎዳዋል። ይግባኝ ላይ ያለ ሰው ከሆነ ይበልጥ ተጠንቀቁ። በጉዳዩ ላይ መጻፍ ያለበት ጠበቃው ነው። የጠበቃ ደብዳቤ ልዩ ምልክት ተደርጎበት እስረኛው ባለበት ይከፈታል። ያንን ምልክት እናንተ አትጠቀሙበት።

በአማርኛ ልጻፍ ወይስ በእንግሊዝኛ? በአማርኛ የተጻፈ ደብዳቤ የሚያነብላቸው ሰው እስኪያገኙ ሊዘገይ ይችላል። እኔ የመጀመሪያውን አጭር ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ልኬ መንገዱ መከፈቱን ካየሁ በኋላ ወደ ፊደላችን ገባሁ። ለፌዴራል እስረኞች ኮርሊንክስ የሚባል የኮምፒውተር መልእክትም አለ፤ እሱ ስማችሁን ሲያስገባ ግብዣው በኢሜይል ይመጣላችኋል። ለአስቸኳይ ነገር ጥሩ ነው። ትራሱ ሥር አስቀምጦ ደጋግሞ የሚያነበው ግን በእጅ የተጻፈውን ነው።

ደብዳቤው ሲመለስ

እያንዳንዱን ደብዳቤ ቁጥር ስጡት፤ 1፣ 2፣ 3 እያላችሁ። ቀኑንም ጻፉ፣ ከመላካችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱት። «4ኛውና 6ኛው ደርሶኛል» ሲላችሁ 5ኛው እንደጠፋ ታውቃላችሁ። የፌዴራል እስር ቤት ደብዳቤ ሲከለክል ለላኪው ምክንያቱን በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት፤ ይግባኝ ማለትም ትችላላችሁ።

አንዳንዴ የሚመለሰው ሰውዬው ስለተዛወረ ነው። የፌዴራል እስረኞች ሲዘዋወሩ ብዙዎቹ ኦክላሆማ ሲቲ ባለው ማስተላለፊያ በኩል ያልፋሉ፣ በዚያ ሰሞን ደብዳቤ ይንከራተታል። መፈለጊያውን በየጥቂት ቀኑ እዩት። አዲሱ ቦታ ሲወጣ የተመለሰችውን ደብዳቤ ራሷን በአዲስ ፖስታ አድርጋችሁ ላኩለት። ቀኑን አትቀይሩት፤ እሱ በጉዞ ላይ በነበረበት ሳምንት እናንተ ስትጽፉለት እንደነበር ይየው።