የኮርሳ እጀታ ከማውንቴን ማርሽ መቀየሪያ ጋር አልስማማ ሲል

ባሕር ዳር ያለውን የቤዛዊትን ዳገት ለመውጣት እንዲቀልለኝ በኮርሳ ብስክሌቴ ላይ ትልቁ 34 ጥርስ ያለው የኋላ ማርሽና ለ10 የኋላ ማርሾች የተሠራ (ባለ 10) የሺማኖ ዴዮሬ የማውንቴን ማርሽ መቀየሪያ፣ ማለትም ካቴናውን ከማርሽ ወደ ማርሽ የሚገፋውን ክፍል፣ ገጠምሁ፤ የመቀየሪያውን ሽቦ የሚስበው እጀታ ግን የቀድሞው ባለ 10 የሺማኖ የኮርሳ እጀታ፣ ቲያግራ 4600፣ ነበር። እጀታውን አንድ ጊዜ ቀጭ ሳደርገው ካቴናው ቀጣዩ ማርሽ ላይ ሳይደርስ መሃል ላይ እየተንኳኳ ይቀራል፤ ትልቁ ላይማ ጨርሶ አይወጣም።

ሽቦውን ከነሽፋኑ ቀየርሁ፣ የመቀየሪያውን ማንጠልጠያ አቃናሁ፣ የሽቦ ማስተካከያውን ብሎን ሳዞር ሦስት ቀን አለፈ። አንዱ ማርሽ ሲስተካከል ሌላው ይበላሻል፤ ነገሩ ከልኬት እንጂ ከማስተካከል እንዳልሆነ ይህ ራሱ ምልክት ነበር።

በመጨረሻ ሽቦውን ፈትቼ በካሊፐር ስለካው በአንድ ቀጭታ የሚሳበው በአማካይ 2.3 ሚሊሜትር ሆነ። ባለ 10 ላይ ከአንዱ ማርሽ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት 3.95 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን፣ ባለ 10 የማውንቴን መቀየሪያ የተሳበውን ሽቦ በ1.2 ያህል ብቻ ስለሚያባዛ ካቴናው የሚጓዘው 2.8 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። የሺማኖ ባለ 9 የማውንቴን መቀየሪያ ግን፣ ለጆሮ እንግዳ ቢመስልም፣ እንደ ኮርሳው መቀየሪያ በ1.7 ያባዛል፤ 2.3 በ1.7 ሲባዛ 3.9 ገደማ ስለሚሆን ከማርሾቹ ርቀት ጋር ይገጥማል። ያገለገለ ባለ 9 ዴዮሬ ገዝቼ ስገጥመው ካቴናው ከትንሹ እስከ 34ቱ ሳይንኳኳ ወጣ። የቲያግራ 4700 እጀታ ግን የሚስበው የሽቦ ልክ ስለሚለይ በዚህ መንገድ አይሠራም።