በብዙ እጅ የሚሳል የስጦታ ስዕል እንዴት ይሠራል?

ጡረታ የሚወጣ መምህር፣ ሩቅ አገር የሚሄድ የሥራ ባልደረባ ወይም ከሕመም የሚያገግም ጎረቤት ሲኖር አብዛኛውን ጊዜ መዋጮ ተሰብስቦ ዕቃ ይገዛል። ደግ ነው። ሰፈሩ ሁሉ እጁን ያሳረፈበት ስዕል ግን ሌላ ነው። ችግሩ፣ ሁሉም ብሩሽ ይዞ አንድ ሸራ ላይ ሲረባረብ ሥራው ጭቃ ይመስላል። ጎበዙ መሃሉን ይይዛል፣ ዓይን አፋሩ ጥግ ላይ ነጥብ ጣል አድርጎ ይሄዳል። ስለዚህ ስዕሉን ቆራርጦ ለየሰዉ ማደል ይሻላል።

መጀመሪያ ፎቶ ምረጡ። ዛፍ፣ ወፍ፣ ተቀባዩ የሚወደው መልክዓ ምድር ይሁን። የሰው ፊት ይቅርባችሁ። አንዱ ዓይን ብሩሽ ይዞ ለማያውቅ ሰው ከደረሰ አለቀ።

ፎቶውን 3 በ4 በሆነ ምጣኔ ቁረጡት። 60 በ80 ሴንቲሜትር የሆነ ስዕል በ10 ሴንቲሜትር ካሬ ሲከፈል 48 ቁራጭ ይወጣዋል። ሰዉ ጥቂት ከሆነ ካሬውን 20 ሴንቲሜትር አድርጉት፤ 12 ይሆናል። ካሬዎቹ የሚቆረጡበት ወረቀት 300 ግራም (በካሬ ሜትር) የሚባለው ወፍራሙ ይሁን። ስስ ወረቀት ቀለም ሲነካው ይጨማደዳል።

አንዴ የወሰናችሁትን መጠን ለማንም ብላችሁ እንዳትቀይሩ። እ.ኤ.አ. በ1987 በሳን ፍራንሲስኮ የተጀመረውን፣ በኤድስ ለሞቱ ሰዎች መታሰቢያ የተሰፋውን ግዙፍ የጨርቅ ሥራ አስቡ። ለአንድ ሟች የሚሰፋው ጨርቅ 90 በ180 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ውስጡን ቤተሰብ እንደፈለገ ያደርገዋል። ያ ሁሉ ሰው በየቤቱ የሰፋው ሊገጣጠም የቻለው መጠኑ አንድ በመሆኑ ነው።

አሁን ዋናው ነገር፣ ጠርዝ። ቁራጮቹን ከማደላችሁ በፊት ጠረጴዛ ላይ አጠጋግታችሁ ደርድሩ። ዋና ዋናዎቹን መስመሮች፣ ማለትም ግንዱን፣ ቅርንጫፉን፣ የተራራውን ጫፍ፣ ከካሬ ወደ ካሬ እያሻገራችሁ በእርሳስ ሳሉ። ከዚያ በየጀርባቸው ቁጥርና ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት አድርጉ። ቀስቱን የረሳ ሰው ሰማይና ውሃ ሲያገላብጥ ያመሻል። ለሳዮቹ የምትነግሯቸው ሕግ አንድ ብቻ ነው፦ መሃሉ ላይ እንደፈለጋችሁ፣ ጠርዝ ላይ ያለውን መስመር ግን ከቦታው አታንቀሳቅሱት። አንዷ ቅርንጫፉን በነጠብጣብ፣ ሌላው በወፍራም ምት ቢሠራው ምንም አይደለም። መጋጠሚያው ላይ እስከተገናኙ ድረስ ዓይን ራሱ ያገናኘዋል።

ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍም በቁራጮቹ መካከል 3 ሚሊሜትር ያህል ክፍተት ተዉ። ትንሽ የሳተ መስመር አይታወቅም። ክፍተቶቹ ተደምረው ስዕሉን ስለሚያሰፉት ሰሌዳው 65 በ85 ሴንቲሜትር ቢሆን ጥሩ ነው።

ቀለሙን እናንተ ቀድማችሁ ደባልቁ። ሰማያዊውን እያንዳንዱ ሰው ለራሱ ከደባለቀ ሰማዩ ዥንጉርጉር ይሆናል። አምስት ስድስት ቀለም ክዳን ባለው ዕቃ አዘጋጁ። አክሪሊክ የሚባለውን ከውሃ ጋር የሚደባለቅ ቀለም ተጠቀሙ፤ ቶሎ ይደርቃል፣ ሳይደርቅ በውሃ ይለቃል። ሲደርቅ ግን ትንሽ ስለሚጠቁር በቁርጥራጭ ወረቀት ሞክሩት። የዘይት ቀለም ለመድረቅ ቀናት ይፈልጋል፤ ለዚህ ሥራ አልመክረውም። ማርከርም ቀላል ይመስላል እንጂ ብዙው ብርሃን ላይ ይደበዝዛል።

አንድ ሰው ሰማዩን ሮዝ ቢያደርገውስ? ድምቀቱ፣ ማለትም የመንጣቱና የመጥቆሩ መጠን፣ ከጎረቤት ካሬዎቹ ጋር ከተቀራረበ ያምራል። ለማጣራት ደርድራችሁ በስልክ ፎቶ አንሱና ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩት። ጎልቶ ብቅ ያለ ካሬ ካለ ለሳለው ሰው መልሱለት።

መልሱለት ነው ያልኩት። አስተባባሪው ማታ ብቻውን ቁጭ ብሎ የሰውን ሥራ «ላስተካክል» ካለ ነገር ተበላሸ። ስዕሉ ሲገለጥ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚፈልገው የራሱን ቁራጭ ነው። ሌላ ሰው ቀብቶባት ካገኛት ዝም ይል ይሆናል፣ ግን አይጠፋውም።

ቁራጮቹን ከመለጠፋችሁ በፊት መስቀያውን ሰሌዳው ላይ ምቱ። በነጭ ኮላ ከታችኛው ረድፍ ጀምራችሁ በማስመሪያ እየለካችሁ ለጥፉ። ከላዩ መጽሐፍ ጭናችሁ አሳድሩት፤ በመካከሉ የመጋገሪያ ወረቀት አልብሱ። አክሪሊክ የደረቀ ቢመስልም ከተጫነው ነገር ጋር ይጣበቃል።

ጀርባው ላይ ትንሽ ሰንጠረዥ ሥሩና በየቁጥሩ የሳዩን ስም ጻፉ። ተቀባዩ አውሮፕላን የሚሳፈር ከሆነ ደግሞ ከመጀመሪያው ሁለት ሰሌዳ አዘጋጁ፤ አራት አራት ረድፍ ተለጥፎባቸው ግድግዳ ላይ አንዱ ከሌላው በላይ ይሰቀላሉ።