ጠበቃ ቀይሬ የቀድሞው ሙሉ ክፍያ ሲጠይቀኝ እንዴት እንደጨረስነው

ጉዳዬ ልደታ ምድብ ችሎት ነበር። ምስክር ሳይሰማ ጠበቃ ቀየርኩ። የቀድሞው ጠበቃዬ ግን «የውሉን ሙሉ ገንዘብ ካልከፈልሽ ሰነዶችሽን አልሰጥም» አሉ።

መጀመሪያ ውክልናውን በሰነዶች ማረጋገጫ ሻርኩ፤ የተሻረበትንም ወረቀት ለእሳቸው አደረስኩ፣ ለችሎቱም አስገባሁ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2226 መሠረት ወካይ ውክልናውን በፈለገ ጊዜ መሻር ይችላል። ይህ ግን ለተሠራ ሥራ ያለብንን ዕዳ አይሰርዝም፤ ብዙ ሰው ሁለቱን ያደባልቃል፣ ጠቡም የሚከረው እዚህ ላይ ነው።

ፋይሉን መለመን ተውኩ። ክሱ፣ መልሱና የችሎቱ ትእዛዞች በፍርድ ቤቱ መዝገብ ውስጥ ስላሉ ግልባጭ ጠይቄ ወሰድኩ፤ አዲሷ ጠበቃዬም በዚያው ሥራዋን ቀጠለች። እኔ ዘንድ የሌለው ዋናው የሽያጭ ውል ብቻ ቀረ።

ከዚያ ስለ ገንዘቡ ጻፍኩላቸው። የጥብቅና ውላችን ክፍያውን በደረጃ ከፍሎት ነበር፦ ክስ ሲቀርብ፣ ምስክር ሲሰማ፣ ፍርድ ሲሰጥ። የመጀመሪያውን ከፍያለሁ፤ የባንክ ደረሰኙን አያያዝኩ። የተከሳሹ መልስ ለችሎቱ ከቀረበ በኋላ ለሠሩት ሥራ ተጨማሪ እንደሚገባቸው አምኜ መጠኑን በቁጥር አስቀመጥኩ። የሠሩትን መካድ ፍትሐዊ አይደለም፤ ላልተሰማ ምስክር መክፈልም እንዲሁ።

ሜክሲኮ አካባቢ አዲሷ ጠበቃዬ ባለችበት ተገናኘን። ትንሽ ጨመርኩ፣ እሳቸውም ብዙ ቀነሱ። ገንዘቡን የሰጠሁት ዋናውን የሽያጭ ውል ተቀብዬ፣ «ከዚህ በኋላ የክፍያ ጥያቄ የለኝም» የሚል የስምምነት ሰነድ በሁለት ምስክር ፊት ከፈረሙልኝ በኋላ ነው።